ጉሬዛና ግንደ ቆርቁር የመጋዞች ትርኢት ላይ

«ተረት ላምጣ?»

«አምጣ!»

«ከየት ላምጣ?»

«ከዱር!»

እንግዲያው ጠጋ በሉ።

ድሮ ድሮ፣ ዛፍ ሲናገር ማንም በማይደነግጥበት ዘመን፣ ከአንዲት ከተማ በላይ አንድ ትልቅ ደን ነበረ። የደኑ ሽማግሌ አባባ ዝግባ ይባሉ ነበር። ዕድሜያቸውን ማንም አያውቅም፤ እሳቸውም ረስተውታል።

አንድ ቀን ነፋስ ከከተማው ወረቀት አንሥቶ አመጣና አባባ ዝግባ ቅርንጫፍ ላይ ጣለው። ጉሬዛ ዘሎ ያዘው፤ ጮክ ብሎም አነበበው።

«ታላቅ የእንጨትና የእንጨት መቁረጫ መሣሪያዎች ትርኢት! ለሦስት ቀን! ሁላችሁም ተጋብዛችኋል!»



«ሁላችሁም ያለው እኛንም ጨምሮ ነው?» አለች ቁጥቋጦዋ ኮሽም።

«ሁላችሁም ማለት ሁላችሁም ነው» አለ ጉሬዛ።

አባባ ዝግባ ትንሽ አሰቡና፣ «ሦስት ሆናችሁ ሂዱ» አሉ። «መጋዞቹ ወደ እኛ የሚመጡት መቼ እንደሆነ ጠይቃችሁ ተመለሱ። ከዚያ ሌላ አንድ ቃል እንዳትናገሩ።»

ጉሬዛ ነጭ ካባውን አራገፈና፣ «እኔ እሄዳለሁ፤ ልብስ እንኳ መቀየር አያስፈልገኝም» አለ። ግንደ ቆርቁርም፣ «የእንጨት ነገር ያለ ባለሙያ አይሆንም» ብሎ ተነሣ። ሦስተኛ ጠፋ። በመጨረሻ ኤሊ አንገቱን አወጣና፣ «እኔ ልሂድ?» አለ።

ሁሉም ሳቁ። «አንተ የምትደርሰው ድንኳኑ ሲፈርስ ነው!»

«ቢሆንም ልሂድ» አለና እነሱ እየሳቁ መንገድ ጀመረ።

ጉሬዛና ግንደ ቆርቁር በማግስቱ ረፋድ ላይ ከተማ ገቡ። ድንኳኑ ብዛቱ! የድምፅ ማጉያው ጩኸቱ! የመክፈቻውን ሪባን መጋዝ ቆረጠው፤ እዚያ ሰፈር መቼም የሚቆርጥ አይጠፋም። ከዚያ ግንድ ጎታቹ ትራክተር መድረክ ላይ ወጥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ደን ሕይወታችን ነው!» አለ። «ደን ባይኖር እኛ ምን እንቆርጥ ነበር?»

ጭብጨባው ቀለጠ። ከሁሉም አብልጦ ያጨበጨበው ጉሬዛ ነበር።

ሞተር መጋዝ ቀይ ጨርቅ ከለበሰ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ አያቸው። «እንዴ! የደን ወገኖቻችን! እኛ እኮ ያለ ባለድርሻ አካላት አንድ እርምጃ አንራመድም!» አለና «የክብር እንግዳ» የሚል ካርድ አንገታቸው ላይ አጠለቀላቸው።

«እ… ወደ እኛ የምትመጡት መቼ ነው?» አለ ግንደ ቆርቁር።

«እሱን እንነጋገርበታለን፤ መጀመሪያ ምሳ!»

የመጀመሪያው ቀን በምሳ አለቀ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ጉሬዛ ጠየቀ። «ወደ እኛ የምትመጡት መቼ ነው?»

«እሱን እንነጋገርበታለን፤ መጀመሪያ ፎቶ!»

ፎቶው ካለቀ በኋላ ሞተር መጋዝ ግንደ ቆርቁርን ለብቻው ጠራው። «ጌታዬ፣ ባለሙያ ለባለሙያ እንነጋገር። እርስዎ ግንድ አንኳኩተው ብቻ ውስጡን ያውቃሉ አሉ። እውነት ነው?»

ግንደ ቆርቁር በሕይወቱ ጌታዬ ያለው አልነበረም። ደረቱ ተነፋ። «አንድ ጊዜ ካንኳኳሁ ይበቃኛል። ለምሳሌ ወንዝ ዳር ያሉት ዋንዛዎች ውስጣቸው ባዶ ነው። አባባ ዝግባ ግን ከሥር እስከ ጫፍ ድፍን ናቸው፤ እንደሳቸው ያለ እንጨት አገር ላይ የለም።»

«ይገርማል!» አለ ሞተር መጋዝ። «ይሄን የሚያህል ዕውቀት ጫካ ውስጥ ተቀብሮ!» ወዲያው ከፍተኛ አማካሪ አድርጎ ሾመው።

በሦስተኛው ቀን ሁለቱም አንድ ላይ ጠየቁ። «ወደ እኛ የምትመጡት መቼ ነው?»

«እሱን እንነጋገርበታለን፤ መጀመሪያ የምስክር ወረቀት!»

ወረቀቱ በክብር ተሰጠ። ከዚያ ትራክተሩ ጉሬዛን በትሕትና፣ «ጋሼ፣ እኔ ወፍራም ነኝ፤ ዳገት ያደክመኛል። ልጠይቃችሁ ብመጣ በየት በኩል ይሻለኛል?» አለው።

ጉሬዛ አዘነለት። በጭራው አፈሩ ላይ መንገዱን ሣለለት። «በጥዶቹ መሐል ና። ለጥ ያለ ነው፤ እኔም ቤቴ እዚያው ስለሆነ እቀበልሃለሁ።»

እናም ሁለቱ ካርዳቸውን አንጠልጥለው፣ ወረቀታቸውን ይዘው እየዘፈኑ ወጡ።

እነሱ በወጡ በሰዓቱ ኤሊ ደረሰ። ድንኳኑ እየፈረሰ ነበር። ካርድ የሰጠው የለም፤ ምሳ በል ያለው የለም፤ ድንጋይ መስሏቸው በላዩ ያልፋሉ። እሱም እንደ ድንጋይ ዝም ብሎ ሰማ።

«ሰኞ እንነሣ» አለ ሞተር መጋዝ። «በጥዶቹ በኩል። ዝግባው ከተገኘ ሌላው ትርፍ ነው።»

የኤሊ ልብ ዘለለ፤ እግሩ ግን አይዘልም። በዚያው ሰዓት አንዲት አህያ ባዶዋን ወደ ዳገቱ ስታዘግም አየ።

«እመቤቴ፣ ውሰጂኝ! ሰኞ ደናችንን ሊቆርጡት ነው!»

አህያዋ ቆመች። «እኔ የማርፈው እዚያ ጥላ ሥር ነው» አለች። «ቶሎ ውጣ!» ጎንበስ አለችለትና ተሸክማው ገሰገሰች።

ደኑ ውስጥ ስብሰባ ተቀምጠው ነበር። ጉሬዛ ሪፖርቱን እያነበበ ነው። «ትርኢቱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል። የጋራ መግባባት ላይ ተደርሷል።»

«የሚመጡት መቼ ነው?» አሉ አባባ ዝግባ።

«በጥያቄው ላይ ሰፊ ውይይት ይደረጋል ተብሏል።»

ዛፎቹ አጨበጨቡ። ኤሊ ከአህያዋ ጀርባ ላይ ጮኸ። «ሰኞ ነው የሚመጡት! በጥዶቹ በኩል! የሚፈልጉት አባባ ዝግባን ነው!»

«አንተ ዘግይተሃል» አለ ጉሬዛ። «ሪፖርቱ በጭብጨባ ጸድቋል።»

አባባ ዝግባ ግን ሰሙ። «ድፍን መሆኔን ማን ነገራቸው?» አሉ ቀስ ብለው።

 ግንደ ቆርቁር ካርዱን ከአንገቱ አወጣና መሬት ላይ ጣለው።

«እኔ ነኝ፣ አባባ። ጌታዬ አሉኝ።»

አባባ ዝግባ አልተቆጡም። «እንግዲያው ጌታዬ፣ የተበሳሁና የበሰበስኩ አስመስለኝ። ከእግሬ እስከ አንገቴ ብሳኝ።»

«ያምዎታል እኮ!»

«ብሳኝ አልኩህ።»

ግንደ ቆርቁር ሁለት ቀን ሙሉ እያለቀሰ በሳቸው። ምስጦችም ተለምነው ገቡባቸው።

ሰኞ ጠዋት መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ትራክተሩ ጉሬዛ በሣለለት መንገድ መጣ፤ ሊያልፍም ሃያ ጥድ ጣለ። አንደኛው የጉሬዛ ቤት ነበር። ጉሬዛ ካርዱን እያሳየ፣ «የክብር እንግዳ ነኝ!» ብሎ ጮኸ።

«ያ በትርኢቱ ጊዜ ነው፣ ጋሼ» አለው ትራክተሩ፤ ፍጥነቱንም አልቀነሰም።

ዘርጋው የሚባለው የቆራጮቹ አለቃ አባባ ዝግባ ዘንድ ደረሰ። ቀዳዳውን አየ፤ ምስጡን አየ፤ በመዶሻ መታ አደረገና ምራቁን ተፋ።

«ይሄ ነው አገር ላይ የለም የተባለው እንጨት? ወንፊት እኮ ነው! ማነው አማካሪያችሁ?»

 ቆራጮቹ ዋንዛዎቹን እንዳይቆርጡ፣ ውስጣቸው ባዶ ነው ብሎ ግንደ ቆርቁር ነግሯቸዋል። ጥዶቹን ጫኑና እየተጨቃጨቁ ወረዱ።

ደኑ ተረፈ፤ ሃያዎቹ ጥዶች ግን አልተመለሱም። ጉሬዛ እስኪለምድ ድረስ በየዛፉ እየዞረ አስጠጉኝ ሲል ከረመ። የአባባ ዝግባ ቁስል ክረምቱን ሙሉ ሙጫ አለቀሰ። ግንደ ቆርቁር በየማለዳው እየመጣ ምስጡን አንድ በአንድ ይለቅምላቸው ነበር። እሱ ይቅርታ አላለም፤ እሳቸውም በል አላሉትም፤ ቅርንጫፋቸውን ብቻ ዝቅ ያደርጉለት ነበር።

እናንተም ልጆቼ፣ ለመቁረጥ የተሳለ ነገር ከፍ አድርጎ ሲያስቀምጣችሁ፣ የሰጣችሁን ተዉትና የጠየቃችሁን አስቡ።

ተረቴ እስከዚህ ነው፤ የሰማ ላልሰማ ያድርስ።