አንደኛ ማርሽ

ፊታውራሪ ይመኑ ሹፌራቸውን ከአንደኛ ማርሽ እንዳይወጣ ከለከሉት። አዲሱ መኪናቸው ገና ከመነሣቱ ሹፌሩ «አሁን ሁለተኛ ላስገባ» ሲል ሰምተውት ነው።

«እኔ በማንም ዘንድ ሁለተኛ ሆኜ አላውቅም!»

«ጌታዬ፣ አንደኛ ጉልበቱ ከቆመበት ለማስነሣት ነው እንጂ አያስሮጥም። ፍጥነቱ ያለው አራተኛው ላይ ነው።»

«ጭራሽ አራተኛ?»

ሹፌሩ ይህን ሥራ ያገኘው ብዙ ጊዜ ተርቦ ነበርና እንደ ታዘዘው በአንደኛ መንዳቱን ቀጠለ። ሞተሩ ጩኸቱን አቀለጠው፤ መኪናው ግን ሜዳው ላይ ያዘግማል። መጀመሪያ አውቶቡስ አለፋቸው። ቀጥሎ ሽንኩርት የጫነ አሮጌ መኪና ሲያልፋቸው፣ ረዳቱ ከጭነቱ ላይ ሆኖ «እንግፋችሁ እንዴ?» ብሎ ሳቀባቸው።

የፊታውራሪ ፊት ጠቆረ።

«አቁም! ሽንኩርት እስኪቀድመኝ ድረስ አዋረድከኝ። የምትለው ካለህ ተናገር፤ ከሌለህ መሪዬን ልቀቅና ውረድ!»

ሹፌሩ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመና ዞር አለ።

«ምን አጠፋሁ ጌታዬ? እርስዎ እንዳዘዙት አንደኛ ነዎት። የሚቀድሙዎት አራተኞቹ ብቻ ናቸው።»

ፊታውራሪ ሳቃቸውን ሊውጡት ሞክረው አቃታቸው።

«በል፣ የፈለግኸውን አስገባና ያን ሽንኩርት ድረስበት!»

ሹፌሩም ከሥራው ሳይባረር መሪውን እንደ ያዘ ቀረ።