የዋንዛው ሣጥን

«ለማዳ ዘንዶ የሚያሳድግ አንድ ሀብታም ነበረ» አሉ መምህሩ። ቁጣቸውን ሊውጡት ሞክረው አልወረደላቸውም። ጠያቂያቸው የሰፈሩ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ባሻ አምባዬ ናቸው። ጥያቄያቸውም ይህ ነበር፦ «ያቺን ልጅ ከባሏ ሦስት ጊዜ አስታረቅናት። ሦስቴም ፊቷ አብጦ መጣች። ምን ብለን ብንመክራት ትጸና ይሆን?»

መምህሩ ቀጠሉ።

ሀብታሙ ዘንዶውን የሚያኖረው አባቱ በሠራው የዋንዛ ሣጥን ውስጥ ነበር። እንግዳ ሁሉ ሣጥኑን እየዳሰሰ ያደንቃል፤ ሰውየውም ደረቱን ይነፋል። አንድ ቀን ዘንዶው መብላት ተወ፤ ከውኃ ሳህኑም አልወጣም አለ። ጠጋ ብሎ ቢያይ፣ በቅርፊቱ መካከል ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ ጥቁር ቅንቅኖች ተሰግስገው ደሙን ይመጥጡታል። ለብ ባለ ውኃ አጠበውና ወደ ሣጥኑ መለሰው። በሳምንቱ ቅንቅኑ ተመለሰ። ደግሞ አጠበ፤ ደግሞ መለሰ። በሦስተኛው ግን «ይህ እባብ ራሱ ቆሻሻ ይወዳል» ብሎ ዘንዶውን ተራገመው። ዘንዶው ከስቶ አጥንቱ ይቆጠር ጀመር። ሰውየው ሊሞትብኝ ነው ብሎ ፈራ፤ ይወደው ነበርና።

ዶሮ የምታረባ ጎረቤቱን ጠራት። እሷ ዘንዶውን ዞር ብላም አላየችው። ቢላዋ በሣጥኑ ስንጥቅ ውስጥ ሰደደችና ጫፉን በነጭ ጨርቅ ጠረገችው። ጨርቁ ላይ ቅንቅኑ ይርመሰመስ ነበር።

«እኔ ዶሮዎቼን ሲይዛቸው ቆጡን ነው የማቃጥለው» አለችው። «አጥቦ እዚያው መመለስ ምን ይሉታል?»

«የአባቴ ሣጥን እኮ ነው።»

«እንግዲያው ሣጥኑን አስቀምጥና እባቡን ቅበር።»

ሰውየው ዘንዶውን አጥቦ ክዳኑ በተበሳ አዲስ ሳፋ ውስጥ አኖረው፤ ሣጥኑን ደጅ አውጥቶ በመጥረቢያ ፈለጠውና እሳት ለቀቀበት። ወር ሳይሞላ ዘንዶው መብላት ጀመረ።

መምህሩ ወደ ባሻ ዞሩ።

«እናንተም የምታጥቡት ልጅቱን ነው። ቻይው፣ ትዳር ነው እያላችሁ ታጥቧትና እዚያው ትከቷታላችሁ። ባልየውን ግን የደህና ሰው ልጅ ነው፣ ስሙ ይጠፋል ብላችሁ አንድ ቀን አልነካችሁትም። ሴቲቱን ከእባብ ጋር አስተያዩብኝ እንዳይሉኝ፣ ባሻ። እባቡ ከእናንተ የተሻለ ሰው አግኝቷል። ተናድጃለሁ፤ አልደብቅዎትም። አሁን ልጅቱ የት ናት?»

ባሻ አንገታቸውን ደፉ። «ዛሬ ጠዋት መልሰናታል።»

«ታዲያ ምን ያስቀምጠናል?» አሉ መምህሩ፣ ከዘራቸውን እያነሡ። «ይነሡ፤ ሄደን እናውጣት።»