አንጓችና የአጋፋሪው ማበጠሪያ

በድሮ ዘመን፣ ንጉሥ ከመጋረጃ ጀርባ ተቀምጦ በሚፈርድበት ጊዜ፣ ሾላ ምንጭ በምትባል መንደር አንጓች የምትባል ልጃገረድ ነበረች። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ስል፣ ልቧ ደፋር ነበር።

ጠጉሯስ? ጠጉሯማ ወፍራም፣ ከርዳዳ፣ እንደ ጅማት የጠነከረ ነበር። ዝናብ ቢመታት ውሃው ላዩ ላይ ይቀራል እንጂ ራስ ቅሏን አይነካም። ማበጠሪያ ከገባበት አይወጣም፤ ከወጣም ጥርሱን ትቶ ነው።

በዚያው አገር፣ በንጉሡ ግቢ ደጃፍ፣ አጋፋሪ መሸሻ የሚባል ሰው ነበር። አጋፋሪ ማለት፣ ልጆች፣ “አንተ ግባ፣ አንተ ተመለስ” የሚል የንጉሥ በር ጠባቂ ነው። መሸሻ አፉ ማር፣ ሆዱ ሬት፣ እጁ ረጅም ነበር።

ንጉሡ “ፊቴ የሚቀርብ ሰው ጠጉሩን አበጥሮ ይቅረብ” ብሎ አዋጅ አስነግሯል። ለክብር ብሎ ነው እንጂ ክፋት አላሰበም። መሸሻ ግን ያቺን አዋጅ የበር ቁልፍ አደረጋት። ከቀንድ የተሠራች፣ ጥርሷ ጥቅጥቅ ያለ አንዲት ማበጠሪያ ያዘ። የወደደውን ሰው “ግባ” ይለዋል። ያልወደደውን “ና፣ ላበጥርህ” ይለዋል።

አንድ በጋ የሾላ ምንጭ ውሃ ቀጥ አለ። ጎመኑ ጠወለገ። ጥጃው ምላሱን አወጣ። ሴቶቹ ባዶ እንስራ ተሸክመው ተመለሱ። የመንደሩ ሰዎች ቦዩን ተከትለው ሽቅብ ቢወጡ ምን ቢያዩ ጥሩ ነው? ቦዩ በድንጋይ ተደፍኗል፤ ውሃው ዞሮ የአጋፋሪ መሸሻን የሎሚና የትርንጎ አትክልት ያጠጣል!

“ለንጉሥ አቤት እንበል!” አሉ።

መጀመሪያ የአንጓች አጎት፣ አያ ቢተው፣ ሄደ። የእርሱም ጠጉር እንደ እርሷ ነው፤ የዚያ መንደር ጠጉር ሁሉ አንድ ዘር ነውና። መሸሻ ገና ከሩቅ ሲያየው ከየት እንደመጣ አወቀ።

“ና፣ ላበጥርህ” አለው። ማበጠሪያዋ ገባች፤ አልወጣችም።

“ሳይበጠር አይገባም! ተመለስ!”

አያ ቢተው ተመለሰ። በሳምንቱ ራሱን ሙልጭ አድርጎ ተላጨና ደግሞ ሄደ።

“ውይ! ማን ሞተብህ?” አለ መሸሻ። “ሐዘንተኛ ንጉሥ ፊት አይቀርብም። ተመለስ!”

አያ ቢተው ራሱን በነጠላው ሸፍኖ፣ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ገባ። “ከእንግዲህ እኔ አልሄድም” አለ።

ያን ጊዜ አንጓች ተነሣች። “እኔ እሄዳለሁ።”

“አንቺ? ከሁላችን የባሰ ጠጉር ያለሽ አንቺ?”

“የባሰበት ነው እንጂ የሚሄደው፣ አያ!”

ሄደች። መሸሻ አያትና ፈገግ አለ። “ነይ፣ ላበጥርሽ።” ማበጠሪያዋን ከሥር ተከለና ጎተተ። እንባዋ መጣ፤ ዋጥ አደረገችው። ቀጭ! አንድ ጥርስ ተሰበረ። ቀጭ! ሁለተኛው። ቀጭ! ሦስተኛው። ደጅ የሚጠናው ሰው ሁሉ ሳቀ።

“ይህ ጠጉር ነው ወይስ የእሾህ አጥር?” አለ መሸሻ።

“ጠጉር ነው፣ ጌታዬ። የተሰበረው የእርስዎ ማበጠሪያ ነው፤ የእኔ ጠጉር እንዳለ አለ።”

“ሂጂና ተላጪው።”

“ጠጉር የሚላጨው ሰው ሲሞት ነው። እኔ ማን ሞተብኝ? ደግሞስ አጎቴ ቢላጭ ሐዘንተኛ ነህ ብለው መለሱት። ጠጉር ያለውም አይገባ፣ የሌለውም አይገባ፤ ታዲያ ይህ በር ነው ግድግዳ?”

“ጥፋቱ የጠጉርሽ ነው!” አለና በሩን ድርግም አደረገው።

አንጓች መንገድ ገባች። ራሷ እንደ እሳት ይፋጃል። ከሕመሙ ይልቅ የሰዎቹ ሳቅ ይብስ ነበር። አንዴ ቆም ብላ፣ “ቆርጬው ብገላገልስ?” አለች። ወዲያው ደግሞ፣ “ለመሸሻ ብዬ? እንኳን ጠጉሬን ጥፍሬንም አልቆርጥ!” ብላ ጉዞዋን ቀጠለች።

መንደሯ አፋፍ ላይ ስትደርስ አያ ቢተው አውድማ ላይ በመንሽ ገለባ ያገላብጣል። ቆማ አየችው። መንሹ ገለባው ውስጥ ይገባል፤ ያነሣል፤ ይወጣል። የተጠላለፈው ይፍታታል። መንሹ አይሰበር፣ ገለባው አይቆጣ።

“አያ፣ ገለባውን ለምን በወንፊት አታገላብጠውም?”

“ልጄ፣ አበድሽ እንዴ? ወንፊት ለዱቄት ነው። ለገለባ ጥርሱ ጥቂት፣ ጥርሱ ረጅም፣ ጥርሱ የተራራቀ መንሽ ነው የሚያዋጣ።”

አንጓች እልል አለች። አያ ቢተው ደግሞ “ይቺን ልጅ ፀሐይ መታት” ብሎ ደነገጠ።

ቢላዋ ይዛ እንጨት ፍለጋ ወጣች። መጀመሪያ ከብሳና ጠረበች፤ እንጨቱ ልል ነበርና ጥርሱ ረገፈ። ቀጥላ ከዋንዛ ጠረበች፤ ጥርሱን አቀራርባው ኖሮ ጠጉሯ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። እጇ ቆሰለ። እናቷ “ተይው ልጄ” አለቻት። አልተወችም። ሦስተኛውን ከወይራ ጠረበች፤ በጥርስና በጥርስ መካከል ጣቷ እንዲያልፍ አድርጋ፣ ጥርሱንም እንደ ጣት አስረዝማ። በአሸዋ አሸችው፤ በቅቤ ወለወለችው። ከዚያ ጠጉሯን ቅቤ ቀባችና ከጫፍ ጀመረች። ከሥር አይደለም፣ ልጆች፤ ከጫፍ! ጥቂት፣ ጥቂት እያለች ወደ ሥር ወረደች። ማበጠሪያው ገባ፤ ማበጠሪያው ወጣ። አንጓች ብቻዋን ሳቀች።

በችሎት ቀን፣ ሕዝብ በሞላበት፣ ደጃፉ ላይ ቆመች።

“ነይ፣ ላበጥርሽ” አለ መሸሻ።

“እኔም እጅ አለኝ” አለችና የወይራውን ማበጠሪያ አወጣች።

“መንሽ ይዛ መጣች!” ብሎ ሕዝቡ አውካካ።

አንጓች ዞራም አላየቻቸው። ከጫፍ ጀመረች። ከመሐል ደረሰች። ከሥር ጨረሰች። ጠጉሯ ተፍታቶ፣ ተነፍቶ፣ ጎፈሬዋ እንደ ዋርካ ጥላ ራሷ ላይ ተዘረጋ። ሳቁ ቀስ በቀስ ጠፋ።

“ይህማ አልተበጠረም!” ብሎ መሸሻ ጮኸ። “ይኸው፣ ቆሟል!”

“የሌላው ሰው ጠጉር ሲበጠር ይተኛል፤ የእኔ ሲበጠር ይቆማል። እኔም አልተኛልዎትም!”

“በእኔ ማበጠሪያ ካልሆነ አትገቢም!”

“አዋጁ ‘አበጥሮ ይቅረብ’ አለ እንጂ ‘በመሸሻ ማበጠሪያ’ መቼ አለ? አቤት! ንጉሥ ይስማኝ! አቤት! ንጉሥ ይስማኝ! አቤት! ንጉሥ ይስማኝ!”

መጋረጃው ተገለጠ። ንጉሡ ራሱ ወጣ። “ምንድን ነው ይህ ጩኸት?”

መሸሻ መሬት ሳመ። “ጃንሆይ፣ የእኔ ማበጠሪያ ሁሉን ያበጥራል። የዚህች ልጅ ጠጉር ግን ክፉ ነው።”

በዚህ መካከል በግቢው የታሰረው የንጉሡ አንበሳ አገሳ። አንጓች ወደ ጋማው ጠቆመች።

“ጃንሆይ፣ ያ ጎፈሬያም ግቢ ውስጥ ነው ያለው። በአጋፋሪው ማበጠሪያ ተበጥሮ ነው የገባ?”

ንጉሡ አንበሳውን አየ፤ ልጅቱን አየ፤ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ግን ፊቱን አጠቆረ። “መሸሻ፣ ማበጠሪያህ ሁሉን የሚያበጥር ከሆነ፣ እስኪ አንበሳዬን አበጥርልኝ።”

መሸሻ አንድ እርምጃ ተራመደ። አንበሳው አየው። ሁለተኛ ተራመደ። አንበሳው ተነሣ። ሦስተኛ ሊራመድ ሲል አንበሳው አፉን ከፈተ፤ ማበጠሪያዋም ከእጁ ወደቀች፤ መሸሻም ከማበጠሪያዋ አጠገብ ወደቀ።

“ይማሩኝ ጃንሆይ! ማበጠሪያዋ ለእንዲህ ያለ ጠጉር አልተሠራችም! አውቄ ነው!”

“አውቀህ ለምን?”

“የሾላ ምንጭ ሰዎች እርስዎ ፊት እንዳይደርሱ። ውሃቸውን… ቦያቸውን በድንጋይ ደፍኜ ውሃቸውን ወስጃለሁ።”

 ንጉሡን ያን ሁሉ ዘመን ከመጋረጃ ጀርባ መቀመጡ አሳፈረው። ከዚያ ፈረደ፦ መሸሻ ከበሩ ይነሣ፤ ቦዩን የደፈነውን ድንጋይ አንድ በአንድ፣ በገዛ እጁ፣ የመንደሩ ሰው እያየው ያንሣ።

ለአንጓችም ከግምጃ ቤት የወርቅ ማበጠሪያ አስመጣላት። አንጓች ተቀበለችና ጥርሱን በጣቷ ለካችው።

“ጃንሆይ፣ ያማረ ነው፤ ግን ጥርሱ ጠባብ ነው” ብላ መለሰችለት። ሹማምንቱ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ንጉሡ ግን ራሱን ነቀነቀ፤ እውነቷን ነበረ።

በሦስተኛው ቀን ውሃው ወደ ሾላ ምንጭ ወረደ። ጥጃው ጠጣ፤ ጎመኑ ቀና አለ፤ አያ ቢተውም ጠጉሩን እንደገና አሳደገ።

እንግዲህ ልጆች፣ ማበጠሪያ ለጠጉር ይሠራል እንጂ ጠጉር ለማበጠሪያ አይበቅልም። በር ዘግቶባችሁ “ጥፋቱ የራሳችሁ ነው” የሚል ሰው ቢገጥማችሁ፣ አንገታችሁን ከመድፋታችሁ በፊት በእጁ የያዘውን እዩ።

ተረቴ ከአፌ ወጥቶ ከጆሯችሁ ገባ፤ አትሰስቱበት፣ ለጎረቤት አቀብሉት።