ዶማ ያቆሰላት ድንች

ተረት ተረት! ጆሮ ያለው ይጠጋ።

አንዲት ሴት ድንቿን ጓዳ ውስጥ ጭድ ላይ ከመከመሯ በፊት ትለቅመው ነበር። ዶማ ያቆሰለውን ቶሎ ይበላ ብላ ለድስት ትለያለች። አንዲት ፈሪ ድንች ግን ድስቱን ስታይ ቁስሏን ወደ ታች አዙራ ተረፈች።

ከዚያ ወዲህ ኮቴ በሰማች ቁጥር መንቀጥቀጥ ሆነ ሥራዋ። አንድ ቀን ከጎኗ ያለችው ድንች ርጥበት ሲሰማት፣ «እህቴ፣ ምን ሆነሻል? ትሸቻለሽ እኮ» አለቻት።

«በናትሽ ዝም በይ! ሴትየዋ ከሰማች ድስት ውስጥ ትከተኛለች።»

ጎረቤቷም አዘነችላትና ዝም አለች።

ሴትየዋ በወሩ ጓዳውን ስትከፍት አፍንጫዋን ያዘች። የበሰበሰውን ክምር ሁሉ በአካፋ እየዛቀች ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው። አፈር ሲመለስባት ፈሪዋ ድንች፣ «የድስት ያለህ! የድስት ያለህ!» እያለች ትጮህ ነበር።

ተረቴን መልሱ፣ ድንቻችሁን ዳብሱ።