የትርንጎ እርግብ

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ አይደለም እኔው በኖርኩበት ሰፈር፣ ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። ሻሼ የምትላት ነጭ እርግብ ነበረቻት፤ ልብስ ስታሰጣ እንኳ ከትከሻዋ አትወርድም። ትርንጎ ባገባች በዓመቷ፣ በሦስት ቀን ሕመም ሞተች። እርግቧን ለማን እንደምትተው ሳትናገር።

ለቀስተኛው ሲበተን ሻሼ ታመመች። ላባዋን ነፍታ፣ አንገቷን ቀብራ ቁጭ አለች። ሰዉ «ሐዘን ነው» አለ። እኔ ግን በአጥሩ ቀዳዳ ያየሁትን አይቻለሁ። የትርንጎ እናት እትዬ ደጊቱ፣ ከለቅሶው የተረፈውን ጨው የበዛበት ንፍሮ በመዳፏ ታበላት ነበር፤ «የልጄን ንፍሮ ቅመሺ እንጂ» እያለች። እርግብ ጨው አይስማማትም። እሷ በምን ትወቅ፤ ነገሩን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ ምነው አፌን በቆረጠው።

እትዬ ደጊቱ ከዚያ ወዲያ ጨው አልቀመሰችም። ማሽላ በውኃ ዘፍዝፋ፣ በድዷ አላምጣ፣ ከአፏ ወደ አፏ ታጎርሳት ጀመር። ሻሼ ግማሹን ትውጣለች፣ ግማሹን ትተፋለች። እሷም የተተፋውን ከነጠላዋ ላይ ጠርጋ እንደገና ትጀምራለች።

ባልየው አስናቀ ልብስ ሰፊ ነው። ሻሼን በኮቱ ውስጥ ደረቱ ላይ አድርጎ የስፌት መኪናውን ይረግጣል፤ በየሰዓቱ ውኃ በማንኪያ ጠብ ያደርግላታል። ደንበኛ ሲገባ «ቀስ በሉ፣ ተኝታለች» ይላል።

«አስናቀ፣ ሁለተኛ አገባህ እንዴ?» ይሉታል።

«የመጀመሪያዋን ነው የያዝኩት» ይላል፤ መርፌውን ሳይለቅ።

የትርንጎ ታናሽ ዘርፌ ደግሞ በሽተኛዋን በእጇም አልነካቻትም። ጠዋት ጠዋት የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ስንዴ እየበተነች የዱር እርግቦችን ታበላለች። እናቷ ተቆጣቻት።

«የታመመችውን ትተሽ የማንንም ወፍ ትቀልቢያለሽ? ልብ የለሽም?»

«እማዬ፣ ሻሼ ብቻዋን መብላት አትወድም። ትርንጎስ ትወድ ነበር?»

በዘጠነኛው ቀን፣ ቆርቆሮው በእርግቦቹ ጥፍርና አፍ ሲንኳኳ፣ ሻሼ ከአስናቀ ኮት አንገቷን አወጣች። ወጥታም የመጀመሪያውን ስንዴ ራሷ ለቀመች።

አርባው ወጣ። ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ሊለቀቅ ነው፤ እናት ወደ ገጠሯ፣ ባል ወደ ወንድሙ፣ ዘርፌ ወደ አክስቷ። ዕቃው ሲጫን ሻሼ ከነቅርጫቷ መሃል ቀረች።

«በአፌ ነው ያቆየኋት። ከትርንጎ የቀረኝ እሷ ብቻ ናት።» አለች እትዬ ደጊቱ።

«እማማ፣ ደረቴ ላይ ባትሞቅ ጉርሻሽን ማን ይውጠው ነበር?» አለ አስናቀ።

«አሙቃችኋታል፣ አጉርሳችኋታል» አለች ዘርፌ። «መኖር እንድትፈልግ ያደረጓት ግን እኔ የጠራኋቸው እርግቦች ናቸው።»

እኔ አላስችል ብሎኝ «ራሷ ትምረጥ» አልኩ። ቅርጫቱን ከፈቱት፤ ሦስቱም ስንዴ በመዳፋቸው ይዘው ቆሙ።

ሻሼ ግቢውን አንዴ ዞረች። በሦስቱም እጅ ላይ አላረፈችም። እናትየዋ ጠዋት አጥባ ያሰጣችው የትርንጎ ነጠላ ገመዱ ላይ ነበር፤ እሱ ላይ አረፈች።

የጭነት መኪናው ሾፌር ክላክስ ይነፋል። ነጠላውን የሚያወርድ ጠፋ፤ የሦስቱም መዳፍ እንደተዘረጋ ነው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ። ሳታውቅ ያሳመመቻት፣ አላምጣ ያጎረሰቻት እናት ትውሰዳት? ደረቱ ላይ ያኖራት ባል ይውሰዳት? ወይስ ሳትነካት ያበላቻት እህት? ሻሼ ለማን ትገባለች?