በቁጥቋጦዎቹ መካከል ያለው ባዶ መሬት

ሞቼ ልገኝ፣ ኡትባን፣ ከምነግርህ ውስጥ አንዲት የሐሰት ቃል የለችም! «ወንድሜ በድርቁ መሃል ቤቱን ነቅሎ፣ በግመል ጭኖ ከውሃ ጉድጓዳችን የራቀው ጠልቶኝ አይደለም ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። «ከጠላኝ ነገ በሽማግሌ ፊት ወንድምነቱን እክዳለሁ» አልህ። እንግዲያው ስማ።

አንድ ሰው ነበረ። በበረሃ ፍየል ያረባል። ተጠራጣሪነቱ ለጉድ ነው፤ ጥላው ሲከተለው እንኳ ዞር ብሎ «ምን ፈልገህ ነው?» ይለው ነበር።

አንድ ቀን ከጉብታ ላይ ሆኖ ሜዳውን ቁልቁል ቢያይ፣ የእሾህ ቁጥቋጦው ሁሉ እኩል እኩል ተራርቆ ቆሟል። በመካከሉ ሣር እንኳ የለም። በዚያ አገር በጋራ ግጦሽ ላይ እሾህ የተከለ ሰው መሬቱን ለራሱ ያዘ ማለት ነው። ሰውየው ደሙ ፈላ፤ ወደ ጎረቤቱ ገሰገሰ።

«በገመድ እየለካህ ተክለኸዋል!»

«አንተ ሰው፣ ለግመሌ ውሃ ያጣሁ ሰው እሾህ ላጠጣ?»

«ታዲያ ማን አሰለፈው?»

«እኔ እንጃ፤ ጥላህን ጠይቀው!»

ቀልዱም አጠራጠረው። «ቆይ፣ መስመሩን ላበላሽበት!» ብሎ ከሌላ ቦታ ቁጥቋጦ እየነቀለ በየባዶው መሬት ላይ ተከለ፤ እስኪጸድቅም ከፍየሎቹ አፍ ውሃ እየነጠቀ አጠጣው። በጋው ሲከር አዲሱም ነባሩም ደረቀ። ፍየሎቹ የሚቀነጥሱት ቅጠል አጥተው ይረግፉ ጀመር።

«ጎረቤቴ መርዝ ቀብሮበታል!» አለና ዶማውን አንስቶ በሁለት ነባር ቁጥቋጦዎች መካከል ቆፈረ። መርዝ የለም። ከዚህም ከዚያም የመጣ ሥር ነው፤ እንደ ፀጉር ቀጥኖ መሃል ድረስ ተዘርግቷል። ለካ ባዶ ነው ያለው መሬት፣ ሁለቱ ያቺኑ ጠብታ የሚካፈሉበት ማዕድ ኖሯል። እሱ ማዕዱ ላይ ሦስተኛ አፍ አስቀምጦ ሁሉንም በጥም ፈጃቸው።

የተረፉትን ፍየሎች እየነዳ ወደ ጎረቤቱ ሄደ። ጎረቤቱም ሳይስቅበት ተቀበለው፤ ከራሱ መንጋ ጋር ቀላቅሎ ወደ ሩቅ ግጦሽ አሰማራለት።

አንተም፣ ኡትባን፣ በአንተና በወንድምህ መካከል ያለውን ባዶ መሬት አይተህ «ጥላቻ ነው» አልህ። ያቺ ጉድጓድ የሁለታችሁን መንጋ አትችልም። እሱ ባይርቅ ኖሮ ሁለታችሁም ባዶ እጃችሁን በቀራችሁ ነበር። ነገ ከመካድህ በፊት ዛሬ ሂድና እየው።

ስለማልሁ አንዲት ነገር ላርም። «ሳይስቅበት ተቀበለው» ያልሁት የራሴ ጭማሪ ናት፤ እንባው እስኪፈስ ነው የሳቀበት። ያንተም ወንድም ይስቅብሃል። ቢሆንም ሂድ።