የተሰነጠቀው ቀንድ

አንድ ገበሬ ነበረ። ተቀመጥ እንጂ፤ ምሳሌ ቆሞ አይሰማም። «የኔታ፣ የመጀመሪያ ቅኔዬን አበላሽቼ ጉባኤው ሁሉ ሳቀብኝ፤ ይህን ነገር እንዴት አድርጌ ልርሳው? ማንም ወደማያውቀኝ አገር ሄጄ እንደ አዲስ ብጀምር አይሻልም?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ሰምቻለሁ። ጓዝህን ጠቅልለህ እንደመጣህም አይቻለሁ። አሁን ደግሞ አንተ ስማኝ።

ገበሬው የሚኖረው ቆላውን ቁልቁል በሚያይ አፋፍ ላይ ነው። ሁለት በሬዎችና ከአባቱ የወረሰው አንድ አሮጌ ጠመንጃ ነበረው፤ በአፉ ባሩድ እየጎረሰ የሚተኩስ፣ የድሮ ዓይነት። ባሩዱን የሚያስቀምጠው በቅል ነበር። ቅል ለወተት ነው እንጂ ለባሩድ አይሆንም፤ በክረምት እርጥበት ይስባል። አንድ ቀን አንበሳ ከቆላው ወጥቶ አንዱን በሬ ያዘበት። ገበሬው ተኮሰ። ጠመንጃው ግን ጢስ ብቻ ተፋ። አንበሳው ዘወር ብሎ እንኳ አላየውም። በሬው ሞተ።

በአንድ በሬ አይታረስም። ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅቶ ክረምቱን ሊገፋ ይችል ይሆናል፤ ያ አንዱም ከሄደ ግን የሰው ጥማድ ከመለመን በቀር ሌላ መላ የለውም። አንበሳ ደግሞ አንዴ የቀመሰበትን በረት አይረሳም። ስለዚህ ባሩዱን ከእርጥበት የሚጠብቅለት ቀንድ ያስፈልገዋል። ቀንድ ሠሪው ያለው ከወንዙ ማዶ ነው፤ ወንዙ ሞልቷል። ራሱ ይሥራው እንጂ ምን ያድርግ? በሕይወቱ ቀንድ ሠርቶ አያውቅም። ያለውም የሞተው በሬ ሁለት ቀንድ ብቻ ነው።

ውስጣቸው ያለው አጥንት እንዲላቀቅ ብሎ ቀቀላቸው። ሽታው መንደሩን አስመረረ። አንድ ጎረቤቱ አፍንጫውን ይዞ መጣና «ገበሬ ዕርፍ ይጨብጣል እንጂ ቀንድ ይቀቅላል እንዴ?» አለው። ገበሬው ብረት አግሎ፣ ባሩዱ የሚፈስበትን ቀዳዳ ከቀንዱ ጫፍ ጀምሮ መብሳት ጀመረ። እንዴት አድርጎ በሳው? ቀንበር እንደሚበሳ። እጁ የለመደው እሱን ነዋ! የቀንበር እንጨት ላይ የጋለ ብረት ቀጥ አድርገህ ብትገፋ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ቀንድ ግን ጎባጣ ነው። ቀንዱ ታጠፈ፤ ብረቱ አልታጠፈም፤ በጎኑ ወጣ።

ጎረቤቱ መሬት ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ሳቀ። «ይኼማ ዋሽንት ነው! በል ንፋበትና እንስማህ» አለው። ገበሬው ቀንዱን አመድ መድፊያው ላይ ወረወረው፤ በእግሩም አመድ መለሰበት። አየህ፣ እሱም እንዳንተ ነው፤ ቶሎ መቅበር ይወዳል።

ሁለተኛውን ቀንድ አነሣ። ብረቱን እንደገና እሳት ውስጥ ከተተው። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

«ያኛው ለምን በጎኑ ወጣ?» አለችው።

«እኔ ምን አውቃለሁ!»

«ሳታውቅ ነው እንግዲህ ይኼንንም የምትበሳው?»

«ያኛው ተበላሽቷል አልኩሽ እኮ! አታንሺብኝ።»

«ከተበላሸማ ምን ትሳሳለታለህ? ሰንጥቀህ ውስጡን እየው።»

ይህች ቃል ከጎረቤቱ ሳቅ ይልቅ አመመችው። እውነት ስለሆነች ነው። ብረቱን ከእሳቱ አወጣ፤ እያንገራገረ ሄደ፤ አመዱን በእጁ ጫረ። ያ የሳቀበት ሰው ቆሞ እያየው፣ ያበላሸውን ቀንድ አራግፎ ከአፉ እስከ ጫፉ በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቀው።

ያን ጊዜ አየ። ቀንድን ከውጭ ስታየው እስከ ጫፉ ድረስ ባዶ ይመስላል። ባዶው ግን ጫፉ ዘንድ አይደርስም፤ ጫፉ ድፍን ነው። ባዶው የት እንደሚያልቅ፣ ድፍኑ ወዴት እንደሚታጠፍ፣ ብረቱ የቱ ጋ እንደሳተ ሁሉም ተገልጦ ተቀምጧል። ዕድሜውን ሙሉ ከበሬ ኋላ የሄደ ሰው የቀንድን ውስጥ ያየው ገና ያን ቀን ነው። «አሃ!» አለ። ከዚያም ሳቀ፤ አሁን የሳቀው እሱ ነው።

ሰንበሌጥ ቆረጠና በደህናው ቀንድ ውስጥ ሰደደው። ሰንበሌጡ የቆመበትን ለክቶ ከውጭ በኩል በከሰል ምልክት አደረገበት። ብረቱ የሚሄድበት መንገድ እንዲያጥር የጫፉን ሹል ቆረጠው። ብረቱንም ወደ ጉብጠቱ እያዘነበለ፣ ጥቂት በስቶ እያየ፣ ደግሞ ጥቂት በስቶ እያየ አስገባው። ድንገት ብረቱ ቀለለው። አወጣውና አፉን ገጥሞ እፍ አለ። ትንፋሹ በሰፊው አፍ በኩል ወጥቶ መዳፉን ነካው። ያን ጊዜ እልል ያለችው ሚስቱ ናት።

ሰፊውን አፍ በዋንዛ እንጨት ደፈነ፤ ዙሪያውን በሰም አተመ፤ ለቀጭኑ አፍ ውታፍ ጠረበለት። ውኃ ውስጥ ደፍቆ ቢይዘው አረፋ አልወጣም። ቀንዱ አላማረም፣ እውነቱን ልንገርህ። ሞረድ ያልደረሰበት ቦታ ሁሉ ሻካራ ነው፤ ውታፉም ጠማማ ነው። ዝናቡ ሳያባራ እየዘነበ ባሩዱ ግን ደረቅ ነበር።

አንበሳው መጣ። ጎህ ሲቀድ፣ ጉሙ በረቱን እንደሸፈነ መጣ። ገበሬው ከቀንዱ ባሩድ አፈሰሰ፤ ጥይት ጨምሮ ጠቀጠቀ፤ አነጣጠረ፤ ተኮሰ። ጠመንጃው አጓራ፤ ገደሉም መልሶ ጮኸ። ጉሙ ሲገለጥ አንበሳው በረቱ ደጃፍ ላይ ተዘርሯል። በሬው እየተንቀጠቀጠም ቢሆን በእግሩ ቆሟል።

ምን ልበልህ! መንደሩ ነቅሎ መጣ። ፉከራው፣ እልልታው፣ ራሱ ላይ የተደረገለት ቅቤ! በዋሽንት የቀለደበት ጎረቤቱ ሳይቀር በትከሻው ተሸክሞት ዞረ። ደስታው በረድ ሲል ይኸው ጎረቤት ጠጋ አለና «ወንድሜ፣ እኔም ልሠራ ነው፤ እስቲ ቀንዱን ስጠኝና ልየው» አለው። ገበሬው ወደ ቤት ገባ። ይዞለት የወጣው ግን አንበሳ የተገደለበት ቀንድ አልነበረም፤ የተሰነጠቀው ነው።

«ያኛውን ብታይ ቀንድ ታያለህ» አለው። «አሠራሩን የምታየው በዚህኛው ነው።»

ከዚያ ወዲያ በዚያ መንደር ባሩድ በቅል ያስቀመጠ ሰው የለም።

ልጄ፣ ያ የመጀመሪያው ቀንድ ቅኔህ ነው። እንዴት ልርሳው ትለኛለህ። ብትረሳው እኮ ሁለተኛውንም በዚያው መንገድ ነው የምትበሳው። ሌላ አገር ብትሄድም የምትበሳበት እጅ አብሮህ ይሄዳል። የሳቁብህ ልጆች ያዩት ከውጭ ያለውን ነው፤ ውስጡን አንተም ራስህ ገና አላየኸውም። ስለዚህ ጓዝህን እዚያ አስቀምጠውና ተጠጋ። ያንን የተሳቀበትን ጉባኤ ቃና ቅኔህን፣ አንዲት ቃል ሳታስተካክል፣ ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ። አብረን እንሰንጥቀው።